ተቅማጥ ሁሉ አሜባ አይደለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። የዚህ ዓምድ መላሽ በካንሰር ሕክምና ክፍል ለብዙ ዓመት የሠራች ነርስ ናት።

ጥያቄ፦ ውድ ሲስተር፣ የ61 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው ደምበጫ ነው። ጡረታ እስክወጣ ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ለዓመታት «ጨጓራ አለብኝ» እያልኩ ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት ክብደቴ ሲቀንስና እህል አልወርድ ሲለኝ በኢንዶስኮፒ ታየሁ። ናሙናው የጨጓራ ካንሰር መሆኑን አሳየ። ጉበቴም ላይ ስለተገኘ በቀዶ ሕክምና አይወጣም ተባልኩ። አሁን በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ እየሄድኩ ኒቮሉማብ የሚባል ኢሚውኖቴራፒ ከኬሞ ጋር በደም ሥር እወስዳለሁ። ቤት ስመለስ ደግሞ ካፔሲታቢን የሚባል ክኒን ለሁለት ሳምንት እውጣለሁ። የምትከፍልልኝ ካናዳ ያለችው ልጄ ናት። እህል መዋጥ ጀምሬ፣ ደኅና ነኝ ስል ሰሞኑን ተቅማጥ ያዘኝ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ያስወጣኛል። እዚሁ አንድ ክሊኒክ አሜባ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ፤ አልተወኝም። ጎረቤቴ «ሰውነትህን የሚበላው ያ ውድ መድኃኒት ነው፣ ተወው» ይለኛል። ሁዳዴም ደርሷል። ወረቀቴ ላይ «ፒዲ-ኤል-ዋን 10» ይላል፤ ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ደግሞ የሒሳብ ሰው ነኝና ቁጥር አትደብቂኝ። ስንት ጊዜ አለኝ?
መምህሩ፣ ከደምበጫ

መልስ፦ መምህር፣ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መጽሔቱ እስኪወጣ መጠበቅ አልቻልኩም። ከታች በጻፉት ስልክ ወዲያው ደወልኩ። ያነሱት ባለቤትዎ ነበሩ። «ሌሊቱን ሲመላለሱ አደሩ ልጄ፣ አሁን ገና ሸለብ አደረጋቸው» አሉኝ። ቀስቅሱልኝ አልኳቸው። የተነጋገርነውን እንድጽፈው ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። እርስዎ የገጠመዎት ነገ ሞጣ ወይም ዳንግላ ያለ ሰው ይገጥመዋል።

በአገራችን ተቅማጥ ሲመጣ አሜባ ወይም ጃርዲያ ነው ይባላል። ድካምና ትኩሳት ሲመጣ ታይፎይድ። ሳል ሲቆይ ኒሞኒያ ወይም ቲቢ። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ስለዚህ ክሊኒክ ውስጥ ያለውን ባለሙያ አልወቅስም፤ በየቀኑ የሚያየው ይህንኑ ነው። ኢሚውኖቴራፒ፣ ማለትም የሰውነትን የራሱን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳ መድኃኒት፣ የወሰደ ሰው ላይ ግን ይህ ልማድ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ይህን ሐሳብ ደጋግሜ ብጽፈው አይሰለቸኝም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። እኔ ቡሬ አካባቢ ነው ያደግኩት። በቆሎ ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። በሰውነታችንም ቲ ሴል የሚባሉ ጠባቂ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። እነዚህ ሴሎች ላይ ደግሞ ፒዲ-ዋን የሚባል ማቆሚያ አለ። ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ኪዮቶ ላይ ያገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ካንሰሩ ተንኮለኛ ነው። ፒዲ-ኤል-ዋን የሚባለውን ነገር ገጹ ላይ ያወጣና ያንን ማቆሚያ ይጫነዋል። ጠባቂው ወገን ነው ብሎ ወንጭፉን ያስቀምጣል። ኒቮሉማብ የሚሠራው ማቆሚያውን ሸፍኖ እንዳይነካ ማድረግ ነው። ያኔ ጠባቂው ወንጭፉን መልሶ ያነሳል። አንዳንዴ ግን ድንጋዩ ዝንጀሮውን ስቶ የራሳችንን ጥጃ ይመታል።

አንጀት ላይ ሲያርፍ ተቅማጥ ይሆናል። ሳንባ ላይ ሲያርፍ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር። ጉበት ላይ ዓይን ቢጫ መሆንና የሽንት መጥቆር። ቆዳ ላይ ሽፍታና ማሳከክ። ታይሮይድ ዕጢን ሲነካ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል። የአድሬናል ዕጢን ወይም አንጎል ሥር ያለችውን ትንሿን ዕጢ ከነካ ደግሞ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ያዞራል። ይህ ሁሉ መድኃኒቱ በተሰጠ ማግስት ላይመጣ ይችላል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ይመጣል። መድኃኒቱን የሰጠው ሐኪም አዲስ አበባ ነው። ሕመምተኛው ያኔ ደምበጫ ቤቱ ነው።

በእርስዎ ላይ ተጠርጣሪው ሦስት ነው። አንዱ ካፔሲታቢን ነው፤ ክኒኑ ራሱ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ኒቮሉማብ ያነሳሳው የአንጀት ቁጣ ነው። ሦስተኛው እውነተኛ ተላላፊ ነገር፣ አሜባም ጭምር። የሦስቱም መፍትሔ ይለያያል። ስለዚህ በስልክ ያልኩዎት ይኼን ነበር፦ ክኒኑን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ አዲስ አበባ ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ፣ ኦአርኤስ፣ ድሮ ለምለም የምንለውን፣ በጥብጠው ፉት እያሉ ይጠጡ፣ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይሂዱ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ መጠበቅ የለም።

ከዚያ ያደረጉትን ነገር ሁሉም ታማሚ ቢያደርገው ደስ ይለኛል። ደብተርዎን አምጥተው አነበቡልኝ። በእስክሪብቶ አራት ዓምድ አስምረው ነበር፦ ሰዓት፣ መጠን፣ መልክ፣ ከዚያ በፊት የበሉት። በሦስተኛው ቀን ስድስት ጊዜ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ንፍጥ አለው፣ ደም የለውም» ይላል። ከመታመምዎ በፊት በቀን አንዴ ይወጡ እንደነበርም ጽፈዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ነው። ሐኪም የሚያሰላው ከወትሮው ስንት ጊዜ ጨመረ ብሎ ነው። ከወትሮው ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ከጨመረ መካከለኛ ይባላል። ሰባትና ከዚያ በላይ ከጨመረ ከባድ ነው፤ መተኛት ያስፈልጋል። ደም ካለው፣ ሆድ በኃይል ከቆረጠ፣ ራስ ካዞረ ቁጥሩን መጠበቅ አያስፈልግም። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከገባ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው፣ ሌሊትም ቢሆን።

ደብረ ማርቆስ ላይ ሰገራዎ ሲታይ ጥገኛ አልተገኘም። ሐኪሙ ከአዲስ አበባው ሐኪምዎ ጋር በስልክ ተነጋግሮ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ጀመረልዎ። የቁጣው መድኃኒት ስቴሮይድ ነው፤ የጠባቂዎቹን ኃይል ያበርዳል። በእኛ አካባቢ ግን ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የጉበት ቫይረስ ቢ፣ ቲቢ፣ እና ስትሮንጂሎይደስ የምትባለዋ ትል። በባዶ እግሩ ጭቃ የረገጠ ገበሬም ተማሪም ይህችን ትል ለዓመታት ሳያውቃት ሊሸከም ይችላል። ስቴሮይድ ሲሰጠው በመላ ሰውነቱ ትሠራጫለች። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝዝ ከመድኃኒት ቤት ስቴሮይድ ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው። የተጀመረውንም ተሻለኝ ብሎ በአንዴ ማቆም አይቻልም። በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።

አሁን ተቅማጡ ጋብ ብሎልዎታል። ቀጣዩ ኒቮሉማብ ግን ተራዝሟል። «ልጄ ገንዘቧን በከንቱ አወጣች?» ብለው ጠየቁኝ። በፍጹም። በሌሎች ካንሰሮች ላይ እንደታየው፣ በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት መድኃኒቱ የተቋረጠባቸው ብዙ ሰዎች ላይ ጥቅሙ ቀጥሏል። እንደገና ይጀመር አይጀመር የሚወስነው ሐኪምዎ ነው። ጎረቤትዎ በአንድ በኩል አልተሳሳቱም፤ አንጀትዎን ያስቆጣው መድኃኒቱ ነው። ግን በራስ ውሳኔ መተውና በሐኪም ውሳኔ ማቆየት አንድ አይደሉም።

አንድ ነገር ግን አደራ። መዳፍ በሚያህል ወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ የመጨረሻውን ዙር ቀን፣ የሐኪምዎን ስልክ ይጻፉ። ከሥሩ «ይህ ሰው ኢሚውኖቴራፒ ወስዷል፤ ተቅማጥ፣ ሳል፣ ቢጫነት ወይም ከባድ ድካም ካለው ከማከምዎ በፊት ይደውሉ» ይበሉ። በላስቲክ ሸፍነው ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙት። ባለቤትዎም ቅጂውን ይያዙ። ኬሞ እወስዳለሁ ብቻ ማለት አይበቃም፤ የሁለቱ ጠባይ ይለያያል።

ወደ ቁጥሮቹ። ፒዲ-ኤል-ዋን 10 ማለት በናሙናው ውስጥ ለ100 የካንሰር ሴሎች ያንን ምልክት ያወጡ 10 ያህል ሴሎች ተቆጥረዋል ማለት ነው። የካንሰሩም፣ በዙሪያው ያሉት ተከላካይ ሴሎችም አብረው ይቆጠራሉ። ኒቮሉማብ ከኬሞ ጋር ለጨጓራ ካንሰር አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን፣ መሠረቱ ቼክሜት 649 የተባለው ጥናት ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ቁጥራቸው 5 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ነው። የእርስዎ 10 ነው። ጥሩ ቁጥር ነው።

ስንት ጊዜ አለኝ ላሉት፣ እንደ ጠየቁኝ አልደብቅም። በዚያ ጥናት 5 እና ከዚያ በላይ ከነበራቸው ውስጥ ኬሞ ብቻ የወሰዱት እኩሌታ ከ11.1 ወር በላይ ኖሩ። ኒቮሉማብ የተጨመረላቸው እኩሌታ ከ14.4 ወር በላይ ኖሩ። የሦስት ወር ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ሚዲያን፣ ማለትም ይህ መካከለኛ ቁጥር፣ ስለ ኋለኛው እኩሌታ ምንም እንደማይናገር ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 10 ነበሩ። ኒቮሉማብ ከተጨመረላቸው ከመቶ 21። እርስዎ በየትኛው በኩል እንደሚሆኑ ከወረቀት ላይ አነባለሁ የሚል ሰው ካገኙ አይመኑት። ሲቲ ስካኑ በየጊዜው ይነግረናል። እህል መውረድ መጀመሩ ራሱ ደግ ምልክት ነው። ሐኪምዎን ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ፦ ኸር-ቱ (አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ገጽ ላይ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን) እና ኤምኤስአይ (የሴሉ የዘረመል ጥገና መበላሸቱን የሚያሳይ ምልክት) ተመርምረዋል ወይ? ኸር-ቱ ካለ ሌላ የሚጨመር መድኃኒት አለ። ኤምኤስአይ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ኢሚውኖቴራፒ በተለይ በደንብ የሚሠራበት ዓይነት ነው።

ሁዳዴን በተመለከተ ባለቤትዎ በጣም ተጨንቀዋል፤ እሺ አይሉኝም ብለውኛል። መምህር፣ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት፤ እርሳቸው ያውቁታል። አሁን ሰውነትዎ ተቅማጥ የወሰደበትን መመለስ አለበት። እንቁላል፣ ተቅማጡ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ደግሞ እርጎና አይብ ያስፈልግዎታል። ለጊዜው የአጃ ሙቅ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሩዝ፣ ቀጭን የክክ አልጫ ይብሉ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ቆሎውን፣ በርበሬውንና ቅቤውን ይቆዩልኝ። አረቄውንማ እርግፍ አድርገው ይተዉት። ፀበሉን ይጠመቁ፣ ፉት ይበሉም። በጆግ ጠጥቶ ማስመለስ ግን አሁን አይሆንም፤ ውኃና ጨው ከሰውነትዎ ያልቃል። መድኃኒት አቁመህ ተጠመቅ የሚልዎ ካለ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ምእመናን የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ከፀበሉ ጋር እንዲወስዱ መምከራቸውን ይንገሩት።

ልጅዎ ከካናዳ የላከችው የሽፈራው ዱቄት፣ ዘመድ ያመጣው የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ በማር የተዘፈዘፈው ነጭ ሽንኩርት፣ እነዚህን ሁሉ ቆጠሩልኝ። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ይግባ፣ ምንም አይደለም። እንደ መድኃኒት በማንኪያ የሚወሰደውን ግን ይተዉልኝ። የጉበት ምርመራዎ ከፍ ብሎ ቢገኝ ጥፋተኛው ኒቮሉማብ ይሁን ዱቄቱ መለየት አንችልም። ያኔ የሚቋረጠው ዋናው መድኃኒት ነው።

ስለ ብርዱም በስልክ አንስተዋል። እሱ ኦክሳሊፕላቲን ነው፣ በኬሞው ውስጥ ያለው። ከተሰጠ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ሲነኩ ጣትዎን ይነዝርዎታል፣ ቀዝቃዛ ሲጠጡ ጉሮሮዎ የተዘጋ ይመስላል። ለብ ያለ ውኃ ይጠጡ፣ ለብ ባለ ይታጠቡ። ጠዋት ጓንትና ፎጣ አይለዩዎት።

ካንሰሩ በንክኪ ወደ ልጆችዎ አይተላለፍም። ኤች ፓይሎሪ ግን ይመርመሩ። ይህ ባክቴሪያ ዋነኛው የጨጓራ ካንሰር መንስኤ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል። ከተገኘባቸው በመድኃኒት ይጠፋል።

ጥያቄ፦ እናቴ የጨጓራ ካንሰር አለባት። እኛ ልጆቿ ቁስለት ነው ብለናታል። ኢሚውኖቴራፒ ልትጀምር ነው። ብትሰማ ትሰበራለች ብለን እንፈራለን። እንዴት እናድርግ?
ከእንጅባራ

መልስ፦ እህቴ፣ ንገሯት። ብዙ ቤት ውስጥ አይቻለሁ፤ እናቶች አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው ያውቃሉ፣ እናንተ እንዳትጨነቁ ብለው ነው ዝም የሚሉት። በዚህ መድኃኒት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ለቁስለት ነው ተብላ የወሰደች ሴት ሳል ሲጀምራት ለምን ትናገራለች? ብርድ ነው ብላ ትተኛለች። የራሷን ሰውነት እንድትጠብቅ ምን እየጠበቀች እንደሆነ ማወቅ አለባት። ሁሉንም ባንድ ቀን አትዘርግፉት። የምታምነው ሰው፣ ወንድሟ ወይም የንስሐ አባቷ፣ አጠገቧ ይሁን። «ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ እማዬ?» ብላችሁ ጀምሩ፤ የጠየቀችውን ያህል መልሱላት። ስለ ወራትና ዓመታት ካልጠየቀች አትንገሯት። ስለ ተቅማጥና ሳል ግን ሳትጠይቅም ንገሯት።

ጥያቄ፦ አባታችን ጨጓራው ላይ ካንሰር ተገኝቶበታል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ኢሚውኖቴራፒ ገዝቼ በሻንጣ ላምጣ ይላል። እኛ ደግሞ ከተማ ያለውን ቤት ለመሸጥ አስበናል። ምን ትመክሪናለሽ?
ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ቤቱን አትሽጡ፣ ገና። መጀመሪያ ምርመራው ይሠራ። ከአባታችሁ የተወሰደው ናሙና በሰም ብሎክ ተደርጎ ናሙናውን በመረመረው የፓቶሎጂ ክፍል አለ፤ እሱን ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ፒዲ-ኤል-ዋን፣ ኤምኤስአይ እና ኸር-ቱ ይታዩለት። እዚህ ካልተቻለ ብሎኩ ውጭ አገር ተልኮ ይመረመራል። የሰው መሄድ አያስፈልግም። ፒዲ-ኤል-ዋን ከ1 በታች ከሆነና ኤምኤስአይም ከፍ ያለ ካልሆነ ጥቅሙ በጣም አናሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ አማካሪዎች ለእነዚህ ሰዎች ጥቅሙ ከጉዳቱ አያመዝንም ብለው ድምፅ ሰጥተዋል። አሜሪካ ውስጥ ፔምብሮሊዙማብ የሚባለው ሌላው ኢሚውኖቴራፒ አንድ ዙሩ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ዙሩም አንድ አይደለም። ሐኪሙ ኬሞውን ብቻ ቢመርጥ አባታችሁን ናቃችሁ ማለት አይደለም።

ምርመራው ይጠቅመዋል ካለ ደግሞ ሻንጣውን እርሱት። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። በረዶ መሥራት የለበትም፣ አይናጥም፣ ብርሃን አያየውም። ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፍኖተ ሰላም ያን ሁሉ መንገድ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ ሙቀት የነካው ብልቃጥ ከውጭ ሲታይ ከደኅናው አይለይም። የሚሰጠው ክፍልም ከየት እንደመጣ ያልታወቀ መድኃኒት አይቀበልም፣ ልክም ነው። ወንድምሽ ገንዘቡን ይያዝ። አባታችሁን የሚያየው የካንሰር ሐኪም በየትኛው ሕጋዊ አስመጪ እንደሚገኝ ይንገራችሁ፤ ከፋብሪካው ጀምሮ በምን ቅዝቃዜ እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድም ጠይቁ። ብሎኩን ለመቀበል ስትሄዱ የአባታችሁን የካርድ ቁጥርና የኢንዶስኮፒውን ወረቀት መያዝ አትርሱ።